እመት ረድፍ ጫካውን ያጸዳችበት ዓመት

ሰፈሩ ስሟን ያወጣላት በክር ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን አርሶት፣ ሰው ሁሉ ዘሩን በእፍኙ ይዞ ወደ ጓሮው ሲሮጥ፣ እሷ ሁለት ካስማ ተክላ፣ በመካከላቸው ክር ወጥራ፣ በስንዝሯ እየለካች ነበር በቆሎዋን የምትዘራው። ጎረቤቱ ዘርቶ ጨርሶ እጁን ሲታጠብ እሷ ገና ሦስተኛው መስመር ላይ ናት። «እመት ረድፍ» አሏት። መጀመሪያ ለማሾፍ ነበር። ኋላ በቆሎዋ ከሁሉ ቀድሞ እሸት ሲይዝ፣ ያሾፉባት ሰዎች በአጥሯ ላይ አንገታቸውን እያሰገጉ ያዩ ጀመር፤ ስሙም ማዕረግ ሆነ። እሷም እንደ ማዕረግ ተቀበለችው።

ጓሮው ትልቅ አልነበረም። ከበቆሎው ሥር ቦሎቄ፣ በአጥሩ ላይ ዱባ፣ ከውሃው በርሜል አጠገብ ጎመን፣ ጥግ ላይ ስኳር ድንች፤ በቃ። ግን የሚባክን ስንዝር አልነበረውም። በዚያ ጓሮ አረም አንድ ሌሊት ቢያድር ሁለተኛውን አያድርም። ከቤቱ ጀርባ ደግሞ አንድ ሰው ገብቶ ሁለተኛው መዞሪያ የሚያጣባት ጠባብ ክፍል ነበረቻት። ዘሯን የምታስቀምጠው እዚያ ነው፦ ቦሎቄው ነቀዝ እንዳይበላው ከአመድ ጋር ተደባልቆ በጣሳ፣ የዱባው ፍሬ በጠርሙስ፣ በቆሎው ከነሽፋኑ ተቋጥሮ ከጣሪያው ተንጠልጥሎ። ማንም አይገባባትም። ባሏ አንድ ቀን ምስማር ፍለጋ ገብቶ ሲወጣ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ እዚያ ውስጥ አስነጥሶኝ ቦሎቄውን ይቅርታ ጠየቅሁት» ብሎ ለሰፈሩ አውርቶባታል።

ባሏ ወፍጮ ቤት ነው የሚሠራው። ሠላሳ ዓመት ከሞተሩ ጋር ሲጯጯኽ ስለኖረ፣ ምስጢር እንኳ የሚያወራው መንገደኛው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ ነው። ቀልደኛ ሰው ነው፤ ቅናት የሚባለውን ነገር ግን ከነመፈጠሩም አያውቀው። ሚስቱ ለሁለቱም ትበቃ ነበር።

ሰዎች ቅናትን የሌላቸውን ነገር መመኘት አድርገው ይተረጉሙታል። የሌለንን ብንሻ እሱ ምኞት ነው፤ ምኞት ሰውን አይገድልም። ቅናት የሚጀምረው የእኛ ነው ብለን የተውነውን፣ ማንም አይነካውም ብለን ያቆየነውን ነገር በሌላ ሰው እጅ ስናየው ነው። ራሳችን የጣልነው ከሆነማ መድኃኒትም የለው።

እመት ረድፍ የጣለችው እናቷን ተከትሎ ጫካ መግባትን ነበር።

እናቷ በዚያው ግቢ፣ ከዝቅተኛ አጥር ወዲያ፣ አናጺ ከሆነው ልጇ፣ ከእመት ረድፍ ወንድም ቤት ትኖራለች። አሮጊቷ ጓሮ ኖሯት አያውቅም። የምታውቀው ጫካውን ነው። ዝናብ ሲገባ የትኛው ጉቶ ላይ እንጉዳይ እንደሚፈነዳ፣ በደረቁ ወራት የትኛው ፈፋ ውስጥ የሚበላ ቅጠል ለምልሞ እንደሚቆይ ታውቃለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ያለፈው እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ፣ የዱር ቦዬ የት እንደሚገኝ ታውቃለች። ቦዬ መሬት ውስጥ የሚያድግ ሥር ነው፤ ክንድ ያህል ይወፍራል፣ ሲቀቀል ነጭና ዱቄታም ነው። አባታቸው በልጅነታቸው ሞቶ፣ እመት ረድፍና ወንድሟ እነዚያን ወራት የተሻገሩት በእሱ ነው። «በዝናብ ምድር ለሁሉ ትሰጣለች፤ በደረቁ ግን ለምታውቀው ብቻ ነው የምትከፍተው» ትላቸው ነበር እናታቸው።

እመት ረድፍ ባገባች በሁለተኛው ዓመት እናቷ አንድ ማለዳ ከረጢት ይዛ በሩን አንኳኳች። «ነይ፣ ቦታዎቹን ላሳይሽ» አለቻት። ልጅቱ አዲስ በቆፈረችው መደብ ላይ ቆማ፣ እጇ እስከ ክርኗ አፈር ሆኖ፣ ሳቀችባት። «እማ፣ እኔ እኮ ባለ ጓሮ ነኝ! ጫካ ለጫካ እየዞርኩ ሥር የምምስ ከርከሮ ነኝ?» እናቷም ሳቀች። ከረጢቷን ወደ ትከሻዋ መልሳ ብቻዋን ሄደች። ዳግመኛ አልጠራቻትም።

ሃያ ሰባት ዓመት አለፈ። የእናትየዋን ዓይን ሞራ ጋረደው። ደረቁ ወቅት ከወትሮው በረዘመበት በዚያ ዓመት፣ እመት ረድፍ የቀረ ጎመኗን በጣሳ ውሃ ስታጠጣ፣ እናቷ አንድ እጇን በወንድሟ ሚስት ትከሻ ላይ ጥላ ከግቢው ስትወጣ አየች። የወንድሟን ሚስት አሮጊቷ «ትንሿ» ነው የምትላት። በትንሿ ጀርባ ላይ ያቺ አሮጌ ከረጢት ነበረች።

«ወዴት ነው በዚህ ማለዳ?» አለች እመት ረድፍ በአጥሩ ላይ።

«ወዲያ ነው፣ እትዬ።»

«ወዲያ ስም የለውም?»

«ስሙን የሚያውቁት እማማ ናቸው። እኔ መሪ ብቻ ነኝ።»

«ምርኩዝ ነኝ በያ!»

«ምርኩዝ ነኝ፣ እውነትዎን ነው» አለች ትንሿ፤ ከልቧ ስቃ አሮጊቷን እየደገፈች ሄደች። ቢሰድቡት የማይሰደብ ሰውን ያህል የሚያቃጥል ነገር በዚህ ዓለም የለም። እመት ረድፍ ጣሳዋ ባዶ መሆኑን ሳታውቅ ጎመኑ ላይ ይዛው ቆመች።

ከቀትር በኋላ ትንሿ የተቀቀለ ቦዬ በሳህን ይዛ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። «እማማ ለእትዬ አድርሺላት ብለውኝ ነው።»

«ጠግቤያለሁ። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው መሆኑ መች ጠፋኝ።»

«ኧረ በሞቴ ይቅመሱ፣ ትኩስ ነው» ብላ ሳህኑን አጥሩ ላይ አስቀምጣ ተመለሰች።

እመት ረድፍ ግራ ቀኙን አየች። ሳህኑን አንስታ ወደ ዘር ክፍሏ ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ከጣሳዎቹ መሀል ቆማ በላችው። የልጅነቷ ጣዕም ነበር፤ የተራቡ ልጆች ጣታቸውን እየላሱ የሚበሉት። ጣፈጣት። ስለጣፈጣትም አንጀቷ አረረ።

ባሏ ከወፍጮ ቤት ሲመለስ ሳህኑን አየው። «ይኼ የማን ነው?»

«የነሱ ነው። የመጣውን ድመት በላው።»

«አጥቦም ደፋው?» አለ ባሏ፣ ከአጥር ወዲያ ያለው ሁሉ እንዲሰማው ሆኖ።

ሳምንት ሙሉ በየማለዳው ያንኑ አየች፤ ያቺን እጅ በዚያች ትከሻ ላይ። ትኩሳት ሲይዛት በልጅነቷ ግንባሯ ላይ ያርፍ የነበረ እጅ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ አልቻለችም፤ አጥሩን ተሻግራ ወደ እናቷ ክፍል ገባች። አሮጊቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የለቀመችውን ቅጠል በዳሰሳ ትለያለች፤ የሚበላው በቀኝ፣ የማይበላው በግራ።

«እማ፣ እኔ ልጅሽ አይደለሁም?»

«ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ?»

«የሆድሽ ፍሬ አጥር ሥር ቆማ ታያለች፤ ባዳ መጥታ ምስጢርሽን ትለቅማለች።»

«ባዳ አትበያት። ስምንት ዓመት ከእኔ ጋር የበላች፣ ስታመም ያጠበችኝ ሴት ባዳ ከተባለች ዘመድ የሚባል የለም።»

«እኔስ ታዲያ?»

«አንቺንማ ጠርቼሽ ነበር። ከርከሮ ነኝ ወይ አልሽኝ።»

እመት ረድፍ ይህ ነገር የተረሳ መስሏት ነበር። እናት ዝም ስላለች የረሳች ይመስለናል። «ያኔ ልጅ ነበርኩ» አለች በደከመ ድምፅ።

«ልጅማ አልነበርሽም፤ ባል ነበረሽ።» አሮጊቷ አንድ ቅጠል አሽትታ ወደ ግራ ጣለችው። «ስሚኝ። እናቴ ቦታዎቹን ስታሳየኝ እንዲህ ብላኛለች፦ አንድ ሰው ብቻ ያወቀው ቦታ ከሰውየው ጋር ይቀበራል፤ ሦስት ሰው ያወቀው ገበያ ይሆናል። ደንቡ ሁለት ነው። አሁን እኔ አለሁ፣ ትንሿ አለች። ዓይኔ ጨርሶ ሲሄድና ከጫካው ስቀር እሷ ሁለተኛ ሰው ትሻለች። ያኔ የምትመርጠው እሷ ናት።»

«እሷ ናት እኔን የምትመርጠኝ?»

«አንቺን ትምረጥ አላልኩም።»

ያ ቃል እንደ እሾህ ገብቶ ተሰበረባት። በዚህ ዕድሜዋ፣ ሰፈሩ ሁሉ ዘር ምረጪልን እያለ ደጇን በሚጠናበት ጊዜ፣ የእናቷን ውርስ ከወንድሟ ሚስት መዳፍ ልትለምን? አይሆንም። እናቷ ጭላንጭልም ቢሆን እያየች ሳለ ማን እንደሚበልጥ ማሳየት አለባት። እንዲህ ብላ ወሰነች።

በማግስቱ ለባሏ ገበያ ነኝ ብላ፣ ሁለቱን ከሩቅ ተከተለቻቸው። ሁለት ቦታ አየች፤ አንዱ ከትልቅ ድንጋይ ሥር፣ ሌላው የወደቀ ግንድ አጠገብ። እናቷ የዛፉን ቅርፊት በጣቶቿ ስትዳብስ፣ አንድ ነገር ስታገኝ፣ ያንን ይዛ ቀስ በቀስ ወደ መሬት ስትወርድ አየች። ምን እንደያዘች ግን ከዚያ ርቀት አልታያትም። ትንሿ በሹል እንጨት ቆፈረች፤ ጥቂት አወጣች፤ ጉድጓዱን አፈርና ቅጠል መልሳበት ሄዱ።

እመት ረድፍ ከተደበቀችበት ወጥታ ቦታውን ስታይ ራሷን ነቀነቀች። እንዴት ያለ መዝረክረክ ነው! ሥሩ ገሚሱ መሬት ውስጥ ቀርቷል። ከየዛፉ ላይ የደረቀ ሐረግ ተንጠልጥሎ፣ መሬት ላይ ተጠላልፎ፣ እንኳን ዓይኗ ለደከመ አሮጊት ለጎልማሳም ያደናቅፋል። ይህን ነው እንግዲህ ዕውቀት ብለው የሚኮሩበት!

በነጋታው ዶማ፣ ማጭድና ከረጢት ይዛ ተመለሰች። ስኳር ድንች ስትቆፍር አንዲት እንኳ የማታስቀር ሴት ናት፤ መሬት ውስጥ የቀረ የአይጥ ነው። ስለዚህ ቦዬውን ከነአንገቱ፣ ከነጫፉ፣ እስከ መጨረሻው አወጣችው። ከዚያ ደረቁን ሐረግ ከየዛፉ ላይ አጨደች፣ ጠቅልላ ፈፋው ውስጥ ጣለችው፤ መሬቱን በቅጠል ጠራረገች። ይህን ሁሉ ያደረገችው በቅናት ብቻ ነው ማለት ግን ግፍ ይሆናል። እየጠረገች ሳለ የእናቷ ቀጭን እግር በዚያ ንጹሕ መሬት ላይ ሳይሰናከል ሲሄድ ይታያት ነበር፤ ዓይኗም እንባ አቅርሯል። በአንድ ልብ ውስጥ ፍቅርና ቅናት በአንድ ዶማ ሲቆፍሩ ማን ማን እንደሆነ መለየት ይቸግራል።

ከረጢቱን ሞልታ እናቷ እግር ሥር ዘረገፈችው። ትንሿ በሩ አጠገብ ቅል እያጠበች ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች አሮጊቷ።

«ቦዬ ነዋ! ሰው በሳምንት የሚያመጣውን በአንድ ቀን።»

አሮጊቷ ጎንበስ ብላ አንዱን አነሳች። ጣቶቿ በሥሩ ላይ ሄዱ ሄዱና ጫፉ ላይ ቆሙ። «ይኼ አንገቱ ነው» አለች። «አንገቱንም አወጣሽው?»

«ሁሉንም። ምን ብዬ አስቀራለሁ?»

ትንሿ ቅሉን አስቀመጠች።

«ሐረጉስ?» አለች አሮጊቷ በጣም ዝግ ብላ።

«የቱ ሐረግ? ያ ደረቅ ቆሻሻ? አጭጄ፣ ጠርጌ ጣልኩታ! አሁን ዓይንሽን ጨፍነሽ ብትሄጂ አትደናቀፊም። እንደ ጓሮዬ ነው ያደረግሁልሽ።»

ከውጭ የወንድሟ መጋዝ ድምፅ ይሰማል። አሮጊቷ ሥሩን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ማንንም ሳትቆጣ ነገረቻት። ቦዬ በደረቁ ወቅት ቅጠል የለውም፤ ከላዩ የሚቀረው ያ የሞተ የሚመስለው ሐረግ ብቻ ነው። ከዛፉ ላይ ይዞት የወረደ ሰው ሥሩ ያለበት ይደርሳል። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ለእሷ መንገዱም መደገፊያውም እሱ ነበር። አንገቱ ደግሞ መሬት ውስጥ ይቀራል፤ ዝናብ ሲመጣ የሚበቅለው ከዚያ ነው።

«ልጄ» አለች በመጨረሻ፣ «ቤቴን አፈረስሽው። ግን ጠርገሽ ነው ያፈረስሽው።»

እመት ረድፍ ብትጮህባት ይሻላት ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለች ገባት። ከሁሉ የባሰው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው።

«እማማ፣ አንገቶቹን ቆርጠን ብንመልሳቸውስ?» አለች ትንሿ። «ገና እርጥብ ናቸው።»

«በዶማ የተመታው አይበቅልም። የዳነ ካለ ሞክሩ። ዝናቡ ይነግራችኋል።»

ሁለቱ ሴቶች ሄዱ። ትንሿ በየት በኩል እንደሚቆረጥ፣ ምን ያህል ጥልቀት እንደሚቀበር፣ የትኛው ጎን ወደ ላይ እንደሚሆን እያሳየች፣ ለሰፈሩ ሁሉ መትከልን ያስተማረችው እመት ረድፍ እንደ ጀማሪ ተንበርክካ ሰማች። ትንሿ አንድም ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብታደርግ ኖሮ ቢያንስ የምትጠላበት ምክንያት ይኖራት ነበር።

ባሏ ሲሰማ፣ «ጫካውንም ጠረግሽው? ነገ ሰማዩን እንዳታጥቢው፣ ዝናብ እንፈልጋለን!» አለ። ሰፈሩ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ዝናቡ ሦስት ሳምንት ዘግይቶ መጣ። የእናትየዋ ጭላንጭል በዚያው ሰሞን ጠፋ፤ ከአልጋዋ እስከ በረንዳው ካልሆነ አትሄድም። በዝናቡ አሥረኛ ቀን ሁለቱ ሴቶች ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ጫካው ወጡ። ድንጋዩ ሥር ምንም የለም። አፈሩን በጣታቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉ፤ የቀበሩት በስብሷል። ወደ ወደቀው ግንድ ሲሻገሩ ትንሿ በአንድ በኩል ዞረች፣ እመት ረድፍ በሌላው።

አየቻት። ጣት የማትሞላ፣ ቀላ ያለች ቡቃያ፣ ገና የሚደግፋት ፍለጋ በአየር ላይ የተጠማዘዘች፤ ጫፏ ላይ ሁለት እንደ ልብ የተቆረጡ ቅጠሎች። ትንሿ አሥር እርምጃ ርቃ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር። እመት ረድፍ ሳታስበው ቀሚሷን ዘርግታ ከቡቃያዋ ፊት ቆመች።

«አገኙ እንዴ፣ እትዬ?»

«የለም» አለች።

መንገዱን ሙሉ ዝናቡ አልታወቃትም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቺ ሴት የማታውቀው፣ እሷ ብቻ የምታውቀው ቦታ ነበራት። ቤት ስትደርስ ጭቃዋን እንኳ ሳታጥብ እናቷ አልጋ አጠገብ ተቀመጠች።

«እማ፣ አንድ በቅሏል። ግንዱ አጠገብ። እኔ ነኝ ያገኘሁት።»

የአሮጊቷ ፊት በራ። እጇን ዘርግታ የልጇን ጭቃ የነካው ጣት ያዘች። «ትንሿስ ምን አለች?»

«አላሳየኋትም። ላንቺ ነው የነገርኩሽ።»

የያዘችበት እጅ ላላ። «እኔማ ከቁጥር ወጥቻለሁ» አለች አሮጊቷ። «የትኛው ግንድ እንደሆነ ከእንግዲህ ሄጄ አላገኘውም። እንግዲያው አላገኘሽም ልጄ፤ ደብቀሻል እንጂ።»

እናቷ ከቁጥር ወጥታለች። እንድትመርጣት ስትታገልላት የኖረችው ሰው መምረጥ የማትችልበት ቦታ ደርሳለች፤ የቀረችው ያቺው ትንሿ ናት። እመት ረድፍ ተነስታ ወጣች።

ትንሿ ማብሰያ ቤቱ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ሳህን ጭኗ ላይ አድርጋ ከጫካ ያመጣችውን ቅጠል ትለቅማለች።

«ነገ በማለዳ ተነሺ» አለች እመት ረድፍ ከደጃፉ ሳትገባ።

«ምነው እትዬ?»

«የማሳይሽ አለ።»

ትንሿ ቀና አለች። «ከግንዱ በስተግራ ያለችውን ቡቃያ ነው?»

«...አይተሻታል?»

«ገና ስንደርስ ነው ያየኋት። እርስዎ እንዲያገኟት ብዬ ነው ዞር ያልኩት።»

እመት ረድፍ ፊቷ ጋለ። ይህች ሴት በጫካው መቅደሟ አልበቃ ብሏት በደግነትም ቀድማት ቁጭ ብላለች! ሊቀናበት የሚችል ነገር ሁሉ ያለቀ መስሏት ነበር፤ ገና አንድ ቀርቶ ኖሯል።

«ቢሆንም የተናገርኩት እኔ ነኝ ቀድሜ!» አለች፣ ድምፅዋ እንደ ባሏ ከፍ ብሎ።

«እርስዎ ነዎት፣ እትዬ» አለች ትንሿ፤ ፈገግታዋን ለመደበቅ ጎንበስ ብላ። «ሌሎቹን ሦስት ቦታዎችስ መቼ እንሂድ? ዝናቡ ሳይከብድ ቢያውቋቸው ደስ ይለኛል። እኔ ብቻዬን ነኝ እኮ አሁን።»

እመት ረድፍ ገባች፣ ሌላ በርጩማ ሳበች፣ ተቀመጠች፣ ሳህኑን ከትንሿ ጭን ላይ መነጨቀችው።

«ነገ ነው የምንሄደው። እስከዚያው አምጪ ወዲህ፤ ቅጠሉን ከነአገዳው ነው የጨመርሽው፣ እንዲህ ተለቅሞ ይበላል?»